ከዘራው በግራ እጅ

ጋሼ መቀስ በአረጋውያን መጦሪያው ኮሪደር ላይ፣ ከአግዳሚው ወንበር ሥር ተንጋለው ሞተው ተገኙ። ዕድሜያቸውን በልብስ ስፌት የፈጁ ሰው ናቸውና ስማቸውም ከመቀሳቸው የመጣ ነው። ጭንቅላታቸውን የወንበሩ ጠርዝ መቷቸዋል፤ ከዘራቸው በግራ መዳፋቸው ውስጥ ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ፍርዱ ቀድሟት አልቋል።

«የገደለችው እሷ ናት!» አለች የሟች ሴት ልጅ፣ ጣቷን ወደ ነርሷ ቀስራ። «ግራ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ በየማለዳው ‹ተነስ፣ ተራመድ› ይባላል? እንዲያርፍ እንጂ ወታደር እንዲሆን አላስገባሁትም!»

«እኔም ነግሬያት ነበር» አለ የመጦሪያው ኃላፊ ላቡን እየጠረገ። «ከዛሬ ጀምሮ የእግር ጉዞ የሚባል ነገር የለም። እሷም ከሕግ ጋር ትነጋገር።»

ነርሷ እንባ አልወጣትም። መርማሪዋ ይህንን አየች፤ አልወደደችውም። የሥራ ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ወጋ አድርጋ ስለምትጠይቅ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ የምታምን ሴት ናትና ከበር ጠባቂው ጀምሮ ሁሉንም ጠረጠረች።

«ዛሬ ያስነሳሻቸው አንቺ ነሽ?» አለቻት ነርሷን ለብቻዋ ወስዳ።

«አይደለሁም። ሴቶቹ ክፍል ነበርኩ። ብቻዎን እንዳይነሱ ብዬ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።»

«መራመዱስ ምን ያደርግላቸዋል?»

«ሰው ስላረጀ አይደለም የሚተኛው፤ ስለተኛ ነው የሚያረጀው። ሲመጡ በማንኪያ ነበር የምናጎርሳቸው። አሁን ጢማቸውን ራሳቸው ይላጫሉ፣ የጓደኞቻቸውን የሸሚዝ ቁልፍ ይተክላሉ። ብቻ አንዳንድ ማለዳ ይደነዝዛሉ፤ ብቀሰቅሳቸውም አይነቁም።»

«የትኛው ማለዳ?»

ነርሷ አሰበች። «ልጃቸው የመጣች ቀን። ደስታው የሚያደክማቸው መስሎኝ ነበር።»

ቀጥሎ የሟች የክፍል ጓደኛ፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር ተጠየቁ። «ገላዬን ስታጠብ ነው ጩኸቱን የሰማሁት» አሉ። «ልጄ፣ እዚህ ሁሉም አንድ ሐሙስ እንደቀረን ነው የሚያየን። መቀስ ግን ገና ብዙ ሐሙስ ነበረው። አንድ ምስጢርም ነበረው፤ ምያለሁና አልናገርም።»

ልጅቱ የሾርባ ፔርሙስ ታቅፋ ተቀምጣለች። ልቅሶዋ ከአንጀት ነው፤ መርማሪዋ እንኳ አልተጠራጠረችውም።

«መቼ ደረስሽ?»

«አሁን ነው። ሾርባውን እንኳ ሳላቀምሰው ወድቆ አገኘሁት።»

«እስቲ ልያዝልሽ» አለች መርማሪዋ። ፔርሙሱ ቀለል አላት፤ ክዳኑም ገና እርጥብ ነበር። መለሰችላት።

አራቱንም ምግብ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። ከዘራውን ከፍ አድርጋ ያዘች። «ጋሼ መቀስ እንዴት ይራመዱ እንደነበር በየተራ አሳዩኝ።»

ሾፌሩ በቀኝ እጃቸው ይዘው እያነከሱ ዞሩ። ነርሷም በቀኝ ያዘችው። ኃላፊው አፍሮ፣ በቀኙ ይዞ ሁለት እርምጃ ሄደ። «በየቀኑ በቢሮዬ መስኮት አያቸው ነበር» አለ። ልጅቱ ግን በግራ እጇ ይዛ የግራ እግሯን ጎተተች።

ሦስቱም የልጅቱን ግራ እጅ አዩ።

«ከዘራ የሚያዘው በጤናማው ጎን ነው» አለች ነርሷ ቀስ ብላ። «የታመመውን እግር ሸክም የሚያቀልለት እንደዚያ ሲሆን ነው። መጀመሪያ ያስተማርኳቸውም ይህንን ነው።»

«ሟች ግን በግራ እጃቸው ይዘው ነው የተገኙት» አለች መርማሪዋ። «ስለዚህ የሰው እጅ አለበት፤ ያስያዛቸው ሰው ሲራመዱ አይቷቸው አያውቅም። እናንተ ሦስታችሁ በየቀኑ ታዩአቸው ነበር።» ወደ ልጅቱ ዞረች። «ሾርባውን ሳላቀምሰው ወደቀ አልሽኝ፤ ፔርሙሱ ግን ተጠጥቶ ታጥቧል። አንቺ የመጣሽ ቀን ደግሞ አባትሽ ይደነዝዛሉ። ፔርሙሱን አጥበሻል፤ ደማቸውን ግን አላጠብሽውም፣ ሐኪም ይመረምረዋል። ምን ነበር የጨመርሽበት?»

የልጅቱ ፊት አመድ መሰለ። «የራሴን የእንቅልፍ ኪኒን» አለች። «እንዲያርፍ ብዬ... እንዳይወድቅ ብዬ ነው! ተኝቷል ብዬ ፔርሙሱን ላጥብ ወጣሁ። ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ወድቋል፣ ትንፋሽ የለውም። ከዘራው አልጋው ላይ ነበር። ፈራሁ፤ ጉዞው ገደለው እንዲባል አምጥቼ አስያዝኩት። ግን ለምን ተነሳ? ያለ ከዘራ ወዴት ሊሄድ?»

ሾፌሩ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ለሞተ ሰው መሐላ አይጸናም» አሉ። «ወዳንቺ ነዋ፣ ልጄ። ምስጢሩ ይኸው ነበር። ያለ ከዘራ መጥቶ ሊቀበልሽ ስንት ጊዜ ሲለማመድ ከረመ። ‹ልጄ እንደ ድሮው ቆሜ ታየኛለች› ይል ነበር።»

ኃላፊው ወደ ነርሷ ማየት አቃተው። ልጅቱ ከዘራውን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ አዛወረችው።

«አባዬ ሲራመድ» አለች፣ «አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።»