ዱምያት ውስጥ እንዲህ አይቆረጥም

ኢንስፔክተር ሩሽዲ ተንበርክኮ የተቆረጠውን እግር በአውራ ጣቱ ይዳብስ ነበር።

የወንበር እግር ነው። የኋላ፣ የግራ። ከመቀመጫው ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ በመጋዝ ተገምድሏል። ፊት ለፊት ያለውን፣ ወራት የፈጀውን የወይን ሐረግ ቅርጽ ግን ጭረት እንኳ አልነካውም።

የወርክሾፑ ባለቤት ሐጂያ ኡመይማ በሩ አጠገብ ቆማለች። ቀትር ላይ አንድ ባለሀብት ከካይሮ ይመጣል። ገንዘቡን እዚህ ለማዋል ወይም ሌላ ቦታ ለመውሰድ የሚወስነው ይህን ወንበር አይቶ ነው። እምቢ ካለ እንጨት መግዣ የላትም። ቅርጽ አውጪዎቿም አንድ በአንድ ወደ ተፎካካሪዋ ወደ ዛግሉል የቺፑድ ፋብሪካ ይሄዳሉ።

"ሚድሐት ነው ወይ?" አለችው። "እውነቱን ንገረኝ፣ ባሻ።"

ሚድሐት ሰሞኑን ከእሷ ጋር ተጣልቶ የወጣ ቅርጽ አውጪ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ስሙን ስለጠራ ሩሽዲ ጠዋት ይዞ ጣቢያ አስቀምጦታል። ትናንት ዓርብ ነበር። ሰው ሁሉ መስጊድ ሳለ፣ የቫርኒሹ ሽታ እንዲወጣ በተከፈተው መስኮት ማንም መግባት ይችል ነበር።

ሩሽዲ ዛግሉልን አስጠራው።

"ትናንት ቀትር ላይ የት ነበሩ?"

"ጁምዓ ሶላት። ከወንድምህ ጎን።"

"ይህ ቤት ቢዘጋ የሚጠቀሙት እርስዎ ነዎት።"

"አልክድም።" ዛግሉል ጎንበስ ብሎ ቁርጡን አየው። ፊቱ ተኮማተረ። "ይህን እኔ ቆረጥኩት ነው የምትለው? ጠላቷ በለኝ፣ ቺፑድ ሻጭ በለኝ። ይህን ግን አትበለኝ። አባትህ ቢሰማ ያፍርብህ ነበር።"

የሩሽዲ አባት ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር። ሩሽዲ ቁርጡን እንደገና ዳሰሰው። መጋዙ ጀምሮ ስቷል። ሌላ ቦታ ጀምሮ ደግሞ ስቷል። ከዚያ እየተወላገደ ወርዷል። የአናጢዎች ከተማ በሆነችው ዱምያት ውስጥ እንዲህ የሚቆርጥ ሰው የለም። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ እንኳ ከዚህ ቀጥ ያደርገዋል።

ጠላት ቢሆን ቅርጹን ይፈልጠው ነበር። ሌባ ቢሆን ወንበሩን ይዞት ይሄድ ነበር። ይህ ሰው ግን ከጀርባ፣ መጋጠሚያው ላይ ነው የቆረጠው። የፈለገው ውስጡን ማየት ነው።

ባለሀብቱ አቶ ሙኒር በቀጠሮው ደረሰ። ወንበሩን ሲያይ ከንፈሩን መጠጠ። ሩሽዲ ሲጨብጠው፣ መዳፉ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ተሰማው።

"ዛሬ ነው የደረሱት?"

"አሁን። ከካይሮ በቀጥታ።"

"እጅዎን ምን ነካው?"

"ቴኒስ።"

ሩሽዲ ከግድግዳው ላይ መጋዝ አውርዶ አቀበለው። "እስኪ ይያዙት።"

ያዘው። የእጀታው ጠርዝ ልክ ቁስሉ ላይ አረፈ። አመመውና ለቀቀው።

"ትናንት እዚህ ማደርዎን ለማጣራት ሆቴሎቹ ጋ ልደውል? ወይስ ራስዎ ይነግሩኛል?"

ሙኒር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ። አንድ ጊዜ ለናሙና የቀረቡለትን ጠረጴዛዎች ውበት አይቶ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አንድ ፋብሪካ ላይ አውሎ ነበር። ጠረጴዛዎቹ ሲሰበሩ ውስጣቸው በኮላ የተጣበቀ ሰጋቱራ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የሚያሳዩትን አያምንም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ ማንም ያላዘጋጀለትን ነገር ከፍቶ ያያል።

"ከፍቼ አየሁት፣ ሐጂያ" አለ። "ምስማር የለ፣ የተደፈነ ስንጥቅ የለ። ውስጡም እንደ ላዩ ነው። ወስኛለሁ። ገንዘቡ የእርስዎ ነው።"

"ብትጠይቀኝ መጋዙን ራሴ አቀብልህ ነበር" አለች ኡመይማ። "አያያዙንም አሳይህ ነበር።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"አንተ ወስነሃል። እኔ ገና ነኝ። በመስኮት የሚገባ ሰው እንዴት ሸሪክ ይሆነኛል? የዚህ ቤት ሰው ባንተ ቁርጥ ታስሯል። ሂድና ሰው ሁሉ እየሰማ እኔ ነኝ በል። እሱ ይቅር ካለህ እቀበልሃለሁ። ካላለህ ገንዘብህን ይዘህ ተመለስ።"

እንጨት መግዣ የሌላት ሴት ናት ይህን የምትለው። ሩሽዲ በከተማው ኮራ።

ሙኒር ጣቢያ ሄዶ ሰው ሁሉ እየሰማ አመነ፤ ሚድሐትም በሙኒር መኪና፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ተመለሰ። ወረደና ቁርጡን ረጅም ጊዜ አየው።

"ይህን ቆረጥክ ብለህ ነው ያሰርከኝ?" አለ፣ ወደ ሩሽዲ ዞሮ። "ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። ከካይሮ ነው፣ ከየት ያውቀዋል? አንተ ግን የአናጢ ልጅ ነህ።"

ሩሽዲ አንገቱን ደፋ። ይቅርታ ጠየቀው።

"እኔስ?" አለች ኡመይማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እኔም ጠርጥሬህ ነበር።"

ሚድሐት ሽርጡን ከምስማሩ አወረደና ታጠቀ። ደረቅ እንጨት የት እንዳለ ጠየቃት። ራሷ አመጣችለት።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት፣ አዲሱ እግር ገባ። ሚድሐት ከመጋጠሚያው የፈሰሰውን ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገ። ወንበሩን አነሳና እስኪደርቅ ድረስ ግድግዳው ሥር አቆመው።