የጠመኔ ዱካዎች

«ከትሪው ተነሺና ተራመጂ፤ እንደ ሁልጊዜው» አለቻት እህቷ። ቀጥላም በሹክሹክታ፣ «ምን ሆነሻል? የምፈተነው እኔ፣ የምትንቀጠቀጪው አንቺ!»

ሚጣ ባዶ እግሯን የጠመኔ ዱቄት የተነሰነሰበት ትሪ ላይ አሳረፈች። ከፊቷ ስድስት ሜትር የሚሆን ጥቁር ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጫፉ ላይ ፈታኙ መምህር እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እህቷ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ናት። ዛሬ የመጨረሻ የተግባር ፈተናዋ ነው፤ ሚጣ ደግሞ የጤነኛ ሰው አረማመድ የሚለካባት ሞዴል ሆና መጥታለች።

ችግሩ ሚጣ ጤነኛ አለመሆኗ ነው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

ከዘጠኝ ቀን በፊት የርዝመት ዝላይ ስትለማመድ ቀኝ ዳሌዋ ውስጥ ቀጭ ያለ ነገር ተሰማት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዓርብ የትምህርት ቤቱ ቡድን ምርጫ ነው፤ አሰልጣኙ የተጎዳ ልጅ ካገኘ ዓይኑን ሳያሽ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ማነከሷን መደበቅ ተማረች። ቀኙ ስለሚያማት ቶሎ ትለቀዋለች፤ የግራው እርምጃ ያጥራል። እሷም ሕመሙን ችላ ግራውን ትንሽ አስረዘመች፤ ቀኙን ደግሞ አሳጥራ ከእሱ ጋር አስተካከለችው። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ እናቷ እንኳ አልነቃችባትም። ብቻዋን ስትሆን ግን ዳሌዋን እየዳሰሰች ራሷን ትጠይቃለች። ተሰብሮ ቢሆንስ? ከእንግዲህ መዝለል ባልችልስ?

ተራመደች። እህቷ ተንበርክካ ነጫጭ ዱካዎቹን በሜትር ለካች። ወረቀቷን አየች፤ እንደገና ለካች።

«ስንት አገኘሽ?» አሉ መምህሩ።

«ሃምሳ አንድ ሴንቲ ሜትር። በሁለቱም በኩል።»

«ባለፈው ወር እሷኑ ስትለኪ ስንት ነበር?»

«ስልሳ ሁለት።»

«ታዲያ ልጅቷ ወደ ታች ነው እንዴ የምታድገው?»

ተራቸውን የሚጠብቁት ተማሪዎች ሳቁ። እህቷ አልሳቀችም፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«የባለፈው ልኬቴ ተሳስቶ ይሆናል፣ መምህር።»

አልተሳሳተም። ያን ቀን ሚጣ «ኧረ እታለም፣ ሰለቸኝ!» እያለች ስትነጫነጭ፣ እህቷ ሦስት ጊዜ ለክታ ሦስቱንም አንድ ዓይነት ነበር ያገኘችው።

«እንግዲህ አስቢበት» አሉ መምህሩ። «የምትታረሚው በጻፍሽው ነው፤ የባለፈውን ልኬት ከሰረዝሽው ተሰረዘ።»

እህቷ እስክሪብቶዋን አነሳች። ስልሳ ሁለት የሚለው ላይ አስጠጋችው። ቀና ብላ ሚጣን አየቻት።

«ሚጣዬ፣ ደህና ነሽ አይደል?»

«ደህና ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስታመላልሰው ከርማለች። አሁን ግን የእህቷን እስክሪብቶ አየች። ከተናገረች ዓርብ ቀረ። ከዚያም ራጅ አለ፤ ራጁ ላይ ምን እንደሚታይ ደግሞ አታውቅም። ዝም ካለች እህቷ ትክክለኛውን ሥራዋን በገዛ እጇ ልትሰርዝ ነው። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

«መምህር» አለች ሚጣ፤ ድምፅዋ የራሷ አልመስልሽ አላት። «አንዴ ልድገመው?»

መምህሩ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋትና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትሪው ላይ ቆመች። ከዚያ ተራመደች፤ በዚህኛው ጊዜ እግሯን አልተቆጣጠረችውም። ቀኙ ረዝሞ ሄደ። ህመሙ ሲወጋት ግራው ተጣድፎ አጠገቡ ዱብ አለ። ደግሞ ቀኝ፣ ደግሞ ዱብ። ክፍሉ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም።

ምንጣፉ ጫፍ ደርሳ ቆመች። ዞር ብላ ለማየት ድፍረት አጣች። ከኋላዋ ሜትሩ ሲዘረጋ ሰማች።

«ቀኙ ስልሳ» አለች እህቷ። ሜትሩን ወደ ቀጣዩ ዱካ አዛውራ፣ «ግራው… ሠላሳ ስምንት።»

ሚጣ ዞረች።

«ዳሌዬን ነው፣ እታለም» አለች። «በጣም ፈርቻለሁ።»