ሁለት ጃኬት በአምባሰል ጉም

ሙዓዝ አምባሰል ተራራ ላይ፣ ቋጥኝ እንደተደገፈ፣ በአዲሱ ጃኬት ውስጥ ደርቆ ተገኘ። አይ ጉድ! ለብርድ የተሰፋ ልብስ ለብሶ በብርድ መሞትን ምን ይሉታል?

ከውጫሌ የተጠራችው ኢንስፔክተር ተሻለች አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። የጃኬቱን እጅጌ ከፍ አድርጋ አየች፤ የሸሚዙ እጅጌ ከስር ተሰብስቦ ክርኑ ላይ ቀርቷል። ጃኬቱን አስወልቃ ወደ ሐይቅ ወረደች።

ከአረብ አገር የተመለሰው ማህዲ ሐይቅ ላይ ለተራራ ተጓዦች ጃኬት ያሰፋል። ሙዓዝና መንገድ መሪው ፈንታሁን ትናንት ሁለት ጃኬት ሊፈትኑ ወጥተው ነበር። የፈንታሁን ጥጥ፣ የሙዓዝ የበግ ጠጉር የተሞላ ነው። የጠጉሩን የሰፋችው የሙዓዝ የገዛ እህት ስህን ናት።

«ወላሂ ጥፋቱ የሷ ነው!» አለ ማህዲ። «ጠጉሩን ቀንሳ ቡትቶ ሞልታበታለች። ትታሰርልኝ!»

«እስሩስ ይሁን» አለች ስህን። «እጄ ወንድሜን ገድሎት እንደሆነ ግን ንገሩኝ።»

ተሻለች ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። «አብሽሪ። ወሬውን ማን አመጣው?»

«ጋሽ ፈንታሁን። ‹በጉም ጠፋኝ፣ እንፈልገው› ብሎ ጠዋት መጣ። ገና በር ላይ ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ።»

«ምን አይተሽ?»

«እንጃ… ኩታውን አዘቅዝቆ ነበር።»

ተሻለች ወደ ፈንታሁን ዞረች።

«ሲመሽ ዝናብ መታን፣ ጉም ወረደና ተጠፋፋን» አለ። «ከዚያ ወዲያ በዓይኔ አላየሁትም።»

ተሻለች ሁሉንም በስፌት መኪናዎቹ መሀል ሰበሰበቻቸው። መቀስ አንስታ የሙዓዝን ጃኬት ስትተረትረው ንጹሕ የበግ ጠጉር ቡፍ ብሎ ወጣ።

«ቡትቶ የለበትም፣ ማህዲ። ጠጉር ቢረጥብም ያሞቃል፤ ሲረጥብ የሚከዳው ጥጥ ነው። ታዲያ ይህን የለበሰ እንዴት በብርድ ይሞታል? አልለበሰውማ! ሰው ጃኬት ሲለብስ የሸሚዙን እጅጌ ጫፍ በጣቱ ይይዛል። የሙዓዝ ግን ክርኑ ላይ ተሰብስቧል። ያለበሰው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም ከሞተ በኋላ።»

ተሻለች መቀሱን አስቀመጠች።

«ጋሽ ፈንታሁን፣ ጠፋኝ ብለው ነው የመጡት። የጠፋ ሰው ይፈለጋል፤ ኩታ የሚዘቀዘቀው ለሞተ ነው። መሞቱን ማን ነገረዎት?»

የፈንታሁን እጅ አንገቱ ስር ወዳለው ጥለት ሄደ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የሱን ግን ኩታው አወጣበት። ሙዓዝን ይወደው ነበር፣ እጁ ሳያማክረው ሐዘን አልብሶታል። ወለሉ ላይ ዘጭ አለ።

«ጥጡ ውሃ ጠጥቶ በረዶ ሆነብኝ። ‹ጥቂት ልሙቅበትና እመልስልሃለሁ› ስለው አምኖኝ አውልቆ ሰጠኝ። ኋላ መልስልኝ ብሎ ለመነኝ። ጨከንኩ… ሲንጠለጠልብኝ ገፈተርኩት። ድምፁ ሲጠፋ መልሼ አለበስኩት።»

«ኢናሊላሂ!» አለ ማህዲ፤ ስህንን ቀና ብሎ ለማየት አፈረ።

ስህን ተነስታ ፈንታሁን ፊት ቆመች። ሁሉም ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ።

«የሰፋሁት ያሞቅ ነበር?» አለችው።

«ያሞቅ ነበር፣ ልጄ» አለ ፈንታሁን መሬት መሬት እያየ። «እኔ በሱ ነው የተረፍኩት።»