የሻማው ክረምት

«ትንፋሽሽን ያዢ» አላት አባቷ። ያዘች።

የመስታወት መቁረጫው በሰፊው መስታወት ላይ ከዳር እስከ ዳር ሲንሸራተት ቀጭን ፉጨት የመሰለ ድምፅ አሰማ። አባቷ መስመሩን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አስተካክሎ በሁለት መዳፉ ጫን ሲያደርገው፣ መስታወቱ «ቀጭ!» ብሎ እንደ ብስኩት ለሁለት ተከፈለ። አንድ ስንጥር እንኳን አልወጣውም።

«አቦ፣ እጅህን ይባርከው!» አለች ልጅቷ፣ ትንፋሿን እየለቀቀች።

ዕድሜዋ አሥራ አምስት ነው። የሒሳብ መምህሯ «ደመና» የሚል ስም ካወጡላት ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠራት የለም። ክፍል ውስጥ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ተተክሎ ባገኙት ቁጥር «ደመና! ዝናብ ሳትሆኚ ውረጂ!» ይሏታል። ስሙ እየዋለ እያደረ ቤቷ ድረስ ተከትሏት ገባ። አባቷ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ፤ «ከእኔ ነው የወረሰችው» አለ። እናቷ ግን አልሳቀችም። «እንግዲህ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ደመና!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

አባቷ መስታወት ቆራጭ ነው፤ የሚሠራው ግን በሰው ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ፣ ሰፈሩ ሁሉ «አባባ መነጽር» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በቆረጠው ልክ ይከፍሉታል። በቅርቡ ዓይናቸው ስለደከመ ሱቁን ለቀው ሴት ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ወስነዋል። «ከባዳ አንተ ትሻለኛለህ» አሉት አባቷን። «እስከ ቅዳሜ ቀብድ ካመጣህ ሱቁም ጠረጴዛውም ያንተ ነው። አለዚያ ሌላ ሰው ጠይቆኛል።»

የተጠየቀው ቀብድ እናቷ በቁጠባ ማኅበር ያስቀመጠችውን ጥሪት ከሞላ ጎደል ጠራርጎ የሚወስድ ነው። ዛሬ ደግሞ ሐሙስ ነው።

«እናትሽን አንቺ ብትነግሪያት ትሰማሻለች» አለ አባቷ፣ የተቆረጠውን መስታወት በጨርቅ እየወለወለ።

«አንተ ለምን አትነግራትም?»

«እኔማ ገና አፌን ሳልከፍት መልሷን አውቀዋለሁ።» እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ድምፁን አቀጠነ። «‹ክፉ ቀን ቀጠሮ አይሰጥም!›»

ቁርጥ እናቷን። ሁለቱም ሳቁ። ሳቋ ሳያልቅ ግን ልጅቷን ትንሽ ከፋት።

«እስቲ አስቢው» አለ አባቷ፤ እንዲህ ሲል ድምፁ ሁልጊዜ ዝግ ይላል። «በሩን ባለቀለም መስታወት አደርገዋለሁ። ጠዋት ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ይሆናል። ከላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ ያንቺ ናት። ጣሪያዋን መስታወት እገጥምላታለሁ። ጋደም ብለሽ ሰማዩን ታያለሽ።»

በቃ፣ አለቀ። ደመና ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

እናቷ ወደምትሠራበት ሆቴል የሚወስደው መንገድ በሱቆች የታጠረ ነው። ልጅቷ በእያንዳንዱ የሱቅ መስኮት ውስጥ ራሷን እያየች ሄደች፤ አንዴ ጫማዎች መሃል፣ አንዴ መጋረጃዎች መሃል፣ አንዴ የግድግዳ ሰዓቶች መሃል። እግሯ አስፋልቱን የሚነካው አልመስል አላት። በሐሳቧ የመስታወቱ ጣሪያ ሥር ተጋድማለች፤ ዝናቡ ከላይዋ ይወርዳል፤ ጠብታዎቹ ፊቷ ላይ ሊያርፉ ሲሉ መስታወቱ ይቀበላቸዋል።

ከሕልሟ የሚመልሳት እናቷን ማሰቧ ብቻ ነበር። አምና የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሐይቅ ሊያዩ ሲሄዱ እናቷ «ዘንድሮ አይሆንም» አለቻት። ጫማዋ ተቀዶ ሳለ እንኳን «ይሰፋል» ነው ያለችው። ብር ካለ ለምን አይወጣም? ታስቀምጠዋለች፣ ታስቀምጠዋለች። እናቷ ቆጣቢ ብቻ አይደለችም፤ ስለ ደስታ የምታውቀው ነገር የለም። ልጅቷ በልቧ እንዲህ ብላ ፈርዳባት ነበር።

የልብስ ማጠቢያው ክፍል ከሆቴሉ ጀርባ ነው። በሩን ስትከፍተው ሞቅ ያለ እንፋሎት ፊቷን ዳሰሳት። ከጣሪያው በታች የተሰቀሉት ነጫጭ አንሶላዎች በቀስታ ይወዛወዛሉ፤ ከመሃላቸው የሰው ድምፅ እንጂ ሰው አይታይም።

«ደመናችን መጣች!» አሉ የእናቷ የሥራ ባልደረባ፣ ጥርሳቸው የማይከደነው እትዬ ሳቂታ። «እኛ እንፋሎቱ አንሶን ነበር!»

እናቷ ካውያዋን አቁማ ብቅ አለች። «ምን እግር ጣለሽ? ደህና ነሽ? አባትሽ ደህና ነው?»

«ሁሉም ደህና ነው እማዬ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ ከሆነማ ያዢ» ብላ የአንሶላ ሁለት ጫፍ አስጨበጠቻት።

አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ወጥረው ይይዙታል፣ ያራግፉታል፣ ከዚያ ጫፍና ጫፉን ይዘው ይገናኛሉ፤ እንደገና ይራራቃሉ። ልጅቷ ነገሩን ከሩቅ ለመጀመር አስባ ነበር። እናቷን በጥሩ ትዝታ ማለሳለስ፣ ከዚያ ሱቁን ማንሳት።

«እማዬ፣ ያንን የሻማ ክረምት ታስታውሺዋለሽ?»

«የምን የሻማ ክረምት?»

«አባዬ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውልበት! አራት ዓመቴ ነበር። በሻማ ብርሃን ግድግዳው ላይ በጣቶቹ ጥንቸል ይሠራልኝ ነበር። ሦስታችንም አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። እራታችን ዳቦ በሻይ። አየሽ፣ ያኔ ምንም አልነበረንም፤ ግን እንዴት ደስ ይል ነበር! አንቺም ያኔ እንዲህ አታካብጂም ነበር።»

ለመገናኘት ተራቸው ነበር፤ እናቷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። አንሶላው በመካከላቸው እንደተወጠረ ቀረ።

«አባትሽ ለምን ቤት የዋለ ይመስልሻል?»

«እረፍት ላይ ስለነበረ…»

«መስኮት ሲገጥም ከመሰላል ወድቆ ነው። ወገቡን ተጎድቶ አራት ወር አልተነሣም።»

እትዬ ሳቂታ ካውያቸውን አስቀመጡ።

«ሻማውስ?» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብላ።

«መብራት ተቆርጦብን ነዋ። ከምን እንክፈል?»

«አንድ ፍራሽ ላይ የተኛነውስ?»

«መጀመሪያ የስፌት መኪናዬን ሸጥኩ። ከዚያ አልጋዎቹን።»

ስለ ዳቦውና ስለ ሻዩ አልጠየቀችም። እናቷ ያኔ ሁልጊዜ «እኔ ቅድም በልቻለሁ» ትል እንደነበር ትዝ አላት። አንገቷን ደፋች።

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ። አባትሽ ‹ልጄ ይህን ክረምት እንደ ተረት ታስታውሰው› አለ። ከተኛበት ሆኖ፣ እያመመው፣ ጥንቸሉን የሚሠራልሽ ለዚህ ነበር። እሱ ተረቱን ያዘ፤ እኔ ዳቦውን።» በእናቷ ድምፅ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ፈንጠር ካለችበት መጥታ የአንሶላውን ጫፍ ከልጇ እጅ ተቀበለች።

ካውያው መሄድ ጀመረ። እናቷ ቀና ሳትል ታወራ ነበር፤ ለልጇ ይሁን ለአንሶላው አይለይም።

«ያኔ እንቅልፍ የሚነሣኝ የነገ ምሳ ነበር። ከነገ ወዲያ የሚባል ቀን መኖሩን ረስቼዋለሁ። አባትሽ ሲድንና እኔ እዚህ ስቀጠር ምሳው ተገኘ፤ ከዚያ የቤት ኪራይ ተራውን ያዘ። ኪራዩን መክፈል ስንችል ደግሞ ‹ከሁለት አንዳችን ብንወድቅስ?› የሚለው መጣ። እሱ አይጣል ነው። ማኅበር ገብቼ ጠብ ጠብ ሳደርግ ስንት ዓመት ፈጀብኝ!»

«ጭንቀትም እንደ ልጅ ነው» አሉ እትዬ ሳቂታ፤ «አንዱ ጥርስ አበቀለልኝ ስትይ ሌላው ይወለዳል!»

«አሁንስ እማዬ?»

እናቷ የሚያሳፍር ነገር ልትናገር እንደሆነ ሁሉ ግራ ቀኝ አየች። «አሁንማ… ባለፈው ሳምንት ሕልም አየሁ።»

«ሕልም?»

«አትሳቂ። አሥራ አንድ ዓመት ሕልም አይቼ አላውቅም። ትራሱን ስነካ እንደ ድንጋይ፤ ስነቃ ስሌት። ባለፈው ማኅበሩ ያጠራቀምኩትን ብር ልክ ሲነግረኝ፣ አንዳችን ሥራ ብንፈታ እንኳን ስድስት ወር እንደማንራብ አወቅሁ። በዚያው ሌሊት አየሁ።» ካውያውን አቆመችው። «አንድ ሰፊ ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። እጄ ባዶ ነው፤ ምንም አልሠራም። ግድግዳው ሁሉ መስታወት ነው። ውጭ ያለው ውሃ ይሁን ሰማይ አልለየሁትም። ‹የማን ቤት ነው?› ብዬ እጣራለሁ፤ የሚመልስልኝ የለም። ደግሞ አልፈራሁም።» አፏን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች፤ ልጅቷ እናቷን እንዲህ ስትስቅ አይታ አታውቅም። «ለአባትሽ አልነገርኩትም። ይስቅብኛል። ለመሆኑ አንቺ ምን ፈልገሽ ነበር?»

እንፋሎቱ በሁለቱ መካከል አለፈ። የእናቷ ፊት እንዲህ ተከፍቶ አያውቅም። አሁን ብትጠይቃት እሺ ትላለች። ልጅቷ ይህን እንደ እጇ መዳፍ አወቀችው። አንድ ቃል ብቻ ብትናገር፣ ሱቁም የመስታወት ጣሪያውም በእጇ የገባ ያህል ነው።

«ምንም» አለች። «አንሶላ ላግዝሽ ብዬ ነው።» ሌላ ሁለት ጫፍ አነሣች።

ወደ ሱቁ ስትመለስ አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። አባባ መነጽር ከጥግ ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል።

«እሺ አለች?»

«አልጠየቅኳትም። አልጠይቃትምም አባዬ።»

«ምነው? ምን ሆነሽ?»

«ከመሰላል መውደቅህን ነገረችኝ።»

አባቷ እንደ መቀመጫ በሚጠቀምበት የእንጨት ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ጥንቸሉን ይሠሩ የነበሩትን ጣቶቹን አየ። «በደንብ ነበር የደበቅኩት፣ አይደል?» አለ።

«በጣም። ቆንጆ ክረምት ነበር።» አጠገቡ ተንበረከከች። «ሱቁን አትግዛ አይደለም የምልህ። ያጠራቀመችው ግን ብር ብቻ አይደለም። እኔን አትላከኝ፤ ራስህ ጠይቃት። ከሱቁ በፊት ደግሞ ያየችውን ሕልም ጠይቃት።»

«ሕልም? እናትሽ?» አባቷ መሳቅ ጀመረ። የልጅቷን ፊት ሲያይ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። «ምን አየች?»

ለመናገር ምላሷን በላት። እሱና እሷ እስከ ዛሬ ያላወሩት ሕልም የለም። «እኔ አልነግርህም» አለች።

አባቷ የሥራ ሽርጡን ፈትቶ በምስማሩ ላይ ሰቀለው። ጠረጴዛው ላይ ያልተቆረጠ መስታወት ተጋድሟል።

አባባ መነጽር በአንድ ዓይናቸው ነቁ። «ወዴት ነው? ይኼን ዛሬ የሚረከብ ሰው አለ እኮ! ነገ ደግሞ ሱቁን ሊያይ የሚመጣ አለ፣ ነግሬሃለሁ!»

«ይምጣ አባባ፤ ካየ በኋላ እንነጋገራለን። መስታወቱን ተመልሼ እቆርጠዋለሁ።»

«አባዬ፣ እማዬ ከሥራ ለመውጣት እኮ ገና አንድ ሰዓት ይቀራታል» አለች ልጅቷ።

«እጠብቃታለሁ» አለ አባቷ፤ ወጣ።

ልትከተለው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ እግሯን መለሰችና ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠች።