መወርወሪያውን አስገባው

ከሟቹ ጥፍሮች ሥር የበር ስንጥር ነበር። መርማሪዋ ኮሪደሩ ላይ ተንበርክካ ነጩን ጨርቅ ከእጃቸው ላይ ገለጥ አደረገችና አየች፤ ከዚያ መልሳ ሸፈነች። አጠገቧ የቆመው ፖሊስ ፍርዱን ከጠዋት ጀምሮ አፉ ላይ ይዞት ስለነበር እስክትነሣ እንኳ አልጠበቀም።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። ቃል ነው የገደላቸው። አንዷ አንድ ነገር አለች፣ ሌላው ሌላ ሰማ። በሩን የዘጋው አናጢው ነው፤ እሱን ይዘን እንሂድ።»

«ቃል ሰው ሲገድል አይቼ አላውቅም» አለች። «አፍ ሲገድል ግን ብዙ አይቻለሁ። አናጢው ይቆይ።»

በመሥሪያ ቤቷ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ሆና አይደለም፤ ደልደል ያለች ሴትዮ ናት። ነገር ውስጥ የምትገባው በጠባብ ቀዳዳ ስለሆነ ነው፤ ከገባች ደግሞ ክሩን ሳትስብ አትወጣም።

ሟቹ የሙዚየሙ መሥራችና ኃላፊ ነበሩ። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ዘውድና ሰይፍ ይደረድራሉ፤ ይሄ ግን ያለው እንጨት ብቻ ነው። ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ አንድ እግሩ የጎደለ ዱካ፣ የሊጥ ገበቴ፣ ስንት ልጅ ያሳደገ የሕፃን አልጋ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ። ወጣቶች ገብተው ቶሎ ይወጣሉ፤ «እንጨት እንጨት ይላል» ብለው ይቀልዳሉ። ቤቱ ቀድሞ የኃላፊው የሽመና ቤት ስለነበረ አዳራሹ መሀል የሽመና ዕቃው እንዳለ ቆሟል።

ከአዳራሹ ጀርባ ያለው ዕቃ ቤት መስኮት የለውም። በሩ ወፍራም ነው፤ የሚዘጋውም ከውጭ በኩል፣ ክንድ በሚያህል የእንጨት መወርወሪያ ነው። አንድ ዕቃ ነቅዞ ሲገኝ እዚያ ይገባል፣ መወርወሪያው ይገባል፣ አናጢው ግቢ ውስጥ ካለው በርሜል ድኝ ይለኩሳል፣ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ዛሬ ጠዋት ከነቀዙ ጋር ኃላፊውም ሞቱ።

አናጢውን ግቢ ውስጥ፣ ሰጋቱራ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሽበት የጀመረው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«መወርወሪያውን ያስገቡት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አስጎብኚዋ መጥታ ‹ጋሼ መወርወሪያውን አስገባው ብለዋል› አለችኝ። ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ‹ሰው አለ?› አልኩ። መልስ የለም። ዘጋሁ፤ ድኙን ለኮስኩ።»

«ገብተው አላዩም?»

«ከበሩ ሲያዩት ባዶ ነበር። ለካ ከትልቁ ገንዳ ኋላ በጉልበታቸው ተቀምጠው የነቀዝ ዱቄት ይፈልጋሉ። ‹ብለዋል› ስትለኝ ወጥተዋል ብዬ አሰብኩ።»

«ሲያንኳኩስ?»

«መጋዙን አስነሥቼ ነበር። መጋዝ ከተነሣ እንኳን ማንኳኳት ነጎድጓድም አይሰማ።»

«እርስዎ ‹ሰው አለ?› ሲሉ እሳቸው ለምን አልመለሱልዎትም?»

«ጆሯቸው ከባድ ነው። ያለ ማዳመጫ አይሰሙም።» እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋና እንደ ሌላ ሰው እጅ አያቸው። «እሰሩኝ፣ እመቤቴ። ይሄ እጅ ሁለተኛው ነው።»

«ምን ሁለተኛው?»

አናጢው እጆቹን ሰጋቱራው ውስጥ ቀበራቸው።

አስጎብኚዋ አዳራሹ ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት። ረጅም፣ ልብሷ የተተኮሰ፣ ንግግሯም የተተኮሰ ሴት ናት። ባለቤቲቱ፣ የሟቹ ሚስት፣ ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ናቸው።

«ጋሼ ዕቃ ቤት ሊገቡ ሲሉ ‹መወርወሪያውን አስገባው በይው› አሉኝ፤ ነገርኩት» አለች አስጎብኚዋ። «እኔ መወርወሪያ ያልኩት የሽመናውን ነው። ሰሚው ስቶ ቢሰማ የተናጋሪው ጥፋት አይደለም።»

እውነት አላት፤ ክር ተሸክሞ ከወዲያ ወዲህ የሚመላለሰውም የሸማኔ ዕቃ ስሙ መወርወሪያ ነው። ግን ይህን ስትናገር ባለቤቲቱ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ መልሰውም ተቀመጡ። መርማሪዋ አየች። ያየችውንም ዋጥ አደረገችው።

«እስቲ ዕቃውን አሳዪኝ» አለች።

አስጎብኚዋን የለመደ እግሯ ወሰዳት። «ይህ መጠቅለያው ነው። ይህ ማበጠሪያው። ይቺ ጀልባዋ ናት፤ ትናንት ጫፏ ነቅዞ ስላገኘነው ዛሬ ልትጨስ ነበር።» ጀልባዋ ከአስጎብኚዋ ጠረጴዛ አጠገብ፣ እጅ ዘርግቶ በሚደረስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ከጫማ የማትከብድ፣ የለሰለሰች እንጨት ናት።

ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የጆሮ ማዳመጫ ነበር።

«የሳቸው ነው?»

«አዎ። ባትሪው ደክሟል ብዬ፣ ልቀይርላቸው ተቀብያቸው ነበር።»

መርማሪዋ ማዳመጫውን አንሥታ ጆሮዋ ውስጥ ሰካችው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ምራቁን ሲውጥ ሰማችው። አውጥታ ኪሷ ከተተችው።

ባለቤቲቱን ወደ ቢሮው ይዛቸው ገባች። ሴትዮዋ ዓይናቸው ደረቅ ነው፤ ፖሊሱ ይህንኑ ይዞ «እሳቸውንም ልብ በዪ» ብሏታል።

«አላለቀሱም፣ እማማ።»

«ስንቱን ላልቅስለት፣ ልጄ? ሰውየው ከኔ ጋር ከኖረው ከእንጨት ጋር የኖረው ይበልጣል። ጠዋት ቁርስ ሰጠሁት፣ የጆሮውን ባትሪ አዲስ አደረግሁለት፣ ‹ደህና ዋል› አልኩት። ዋለ።»

«ቅድም ከወንበርዎ ያስነሣዎት ምንድን ነው?»

ባለቤቲቱ በሩን ዘግተው ተመለሱ። «ያቺ ልጅ የተናገረቻት ነገር የባሌ ናት። ቃል በቃል የሱ ናት። ይሄ ቤት ሽመና ቤት ሳለ አንዲት ሸማኔ ነበረች፤ እጇ ወርቅ፣ አፏ እሳት። አንድ ቀን ሰው ፊት መለሰችለት። ያን ቀን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሆና ስትሠራ በሩ ተዘጋባት። ክሩ እሳት ያዘው፤ በጭሱ ሞተች። ባሌ ችሎት ላይ ምን አለ? ‹እኔ ልጁን መወርወሪያውን አስገባላት ያልኩት የሽመናውን ነው፤ ሰሚው ስቶ ቢሰማ የተናጋሪው ጥፋት አይደለም።› ልጁም ‹አዎ፣ ስቼ ነው› አለ። በነፃ ወጡ።»

«ልጁ ማን ነው?»

«ግቢ የተቀመጠው አናጢ ነዋ። ያኔ ጢም እንኳ አላበቀለም።»

«እርስዎስ ባልዎን አመኑ?»

«አምኜው ብሆን በሰላም በተኛሁ። እሱ ራሱም አላመነም። ከዚያ ወዲያ የሽመናውን መወርወሪያ በስሙ የጠራ ሰው ከዚህ ቤት ይባረራል። ‹ጀልባ በሉት› አለ። ሸማኔ በጀልባ ሲሄድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መርማሪዋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። ከቢሮው ወጥታ የዕቃ ቤቱን በር ከውስጥ በኩል ለብቻዋ አየችው። አዲሱ የጥፍር ጭረት ነጭ ነው። ከሥሩ፣ በጥላሸት የጠቆረ ሌላ አሮጌ ጭረት አለ፤ ቁመቱ አጠር ያለ ሰው የቧጠጠው። ይህ በር ተጠግኖ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ለጎብኚ «ጥንታዊ በር» እየተባለ ሲታይ መኖሩን ስታስብ ደሟ ፈላ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለዚህ ነው፤ እዚህ ቤት ግን የወጋው ለመርሳት በሩን ራሱን ሙዚየም አድርጎታል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሽመና ዕቃው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው፤ ባለቤቲቱን፣ አናጢውን፣ አስጎብኚዋን። ፖሊሱ በሩን ይዞ ቆመ።

«ኃላፊውን የዘጋባቸው እጅ የአናጢው ነው» ብላ ጀመረች። አናጢው አንገቱን ደፋ። «አደጋ ነው የሚለውም ወሬ የሚያምር ነው፤ ሁለት ዕቃ በአንድ ስም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ቀላል ነበር። የሽመናው ዕቃ ዕቃ ቤት እንዲገባ ከተፈለገ ማን ያስገባዋል?» ወደ አስጎብኚዋ ዞረች። «ከጠረጴዛሽ አጠገብ ነው ያለው። እንደ ማንኪያ ይቀላል። አንቺ ግን እሱን ትተሽ፣ ግቢውን አቋርጠሽ፣ ሥራ ላይ ያለ ሰው ልትጠሪ ሄድሽ። በአንድ እጅ ለሚነሣ ነገር አናጢ አይጠራም። አናጢ የሚጠራው ለከባዱ መወርወሪያ ነው።»

«ጋሼ ያሉትን ነው ያደረስኩት» አለች አስጎብኚዋ።

«እሱ ነው ሁለተኛው። ጋሼ ይህን ቃል ለሽመናው ዕቃ አይጠቀሙበትም። የተጠቀመበትንም ያባርራሉ። እዚህ ቤት መወርወሪያ አንድ ብቻ ነው፤ በሩ ላይ ያለው። ቅድም ስታስጎበኚኝ አንቺም ምን አልሽኝ? ‹ጀልባዋ ናት› አልሽኝ። ጀልባዋ እንድትገባ ብትፈልጊ ‹ጀልባዋን አስገባት› ትዪ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ‹መወርወሪያ ያልኩት የሽመናውን ነው› የሚለው ሰበብ ከሌላ ዘመን የተዋስሽው ነው።»

ማዳመጫውን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ሦስተኛው ይሄ ነው። ደክሟል ያልሽው ባትሪ ዛሬ ጠዋት የገባ ነው፤ ማዳመጫው እንኳን የሰው ድምፅ ፖሊሳችን ምራቁን ሲውጥም ያሰማል። የወሰድሽው ‹ሰው አለ?› ሲባሉ እንዳይሰሙ ነው። አሁን የቀረኝ ምክንያቱ ነበር። ያቺን የሰበብ አረፍተ ነገር ቃል በቃል የሚያውቅ ችሎቱ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። እማማ፣ ሸማኔዋ ቤተሰብ ነበራት?»

«እህት ነበራት» አሉ ባለቤቲቱ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «የሟቿን ልጅ አዝላ ችሎት ትመጣ ነበር። ትንሽ ሴት ልጅ።» ወደ አስጎብኚዋ ተመለከቱና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

አስጎብኚዋ የቀሚሷን እጥፋት አስተካከለች። ሊክዱ ያሰቡ ሰዎች እንዲህ አይረጋጉም።

«አክስቴ ያቺን ቃል አስጠንታኛለች» አለች። «ሌላው ልጅ ጸሎት ሲያጠና እኔ እሷን አጠናሁ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ፤ ለኔ ጸሎቴ ቂሜ ነበር። እዚህ የተቀጠርኩትም ለዚያው ነው። በየቀኑ ‹ጥንታዊ በር› እያልኩ እናቴ የሞተችበትን በር ለሰው አሳየሁ።»

«ሲያንኳኩ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። እንግዶች ነበሩኝ። ‹ምንድን ነው ድምፁ?› አሉኝ። ‹አናጢው ነው› አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ የአናጢው ሥራ ነው።»

ፖሊሱ ሳያስበው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ለምን በሱ እጅ?» አለች መርማሪዋ።

«ያኔም እሱ ነዋ። እጁ ለምዷል። አንዱ በጭሱ ይሙት፣ አንዱ በእጁ ይኑር ብዬ ፈረድኩ። እነሱ በአንድ ቃል ነፃ ከወጡ እኔም በዚያው ቃል ልውጣ አልኩ። ጀልባ የሚለውን ረሳሁት። የሱ ፍርሃት እኔን አሳሰረኝ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ያ ነው የሚቆጨኝ። ሌላው አይቆጨኝም።»

አናጢው ያን ጊዜ ነው የተናገረው፤ ወለሉን እያየ።

«መወርወሪያ አላሉኝም።»

«ምን አሉ?» አለች መርማሪዋ።

«ያኔ ነው የምለው። ጋሼ መወርወሪያ የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ‹ዝጋባት› ነው ያሉኝ። ‹እግሬ ላይ ወድቃ እስክትለምነኝ ዝጋባት።› እሳቱ ሲነሣ ልከፍት ሮጥኩ፤ እጄን ያዙኝ፤ ‹ትንሽ ትቅመሰው› አሉ። የመወርወሪያውን ነገር ችሎት ከመግባታችን በፊት እሳቸው ናቸው ያስጠኑኝ። ‹ስቼ ነው በል፣ ዕድሜ ልክህን ሥራ አታጣም› አሉኝ። አላጣሁም።»

አስጎብኚዋ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አናጢው ፊት ሄዳ ቆመች። መርማሪዋ ፖሊሱን በዓይኗ ከለከለችው።

«ድገመው» አለችው አስጎብኚዋ።

«ዝጋባት አሉኝ። ዘጋሁባት። እጄን ያዙኝ፤ አላስለቀቅኩም።»

«ችሎት ፊት ትደግመዋለህ?»

«እደግመዋለሁ።»

ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተናደ። ስታድግ ስትፈልገው የኖረችው ይሄ ነበር፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ እናቷ በስህተት እንዳልሞተች በአፉ እንዲናገር። አሁን አገኘችው፤ የምታደርገው ግን አልነበራትም።

«ስንት ዓመት አብረን ሠራን» አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠዋት ጠዋት ሰላም አልኩህ። ይቺን ቃል ትናንት ብትሰጠኝ ኖሮ እጅህን ይዤ ችሎት እወስድህ ነበር። ሰውየው በሕይወቱ እስር ቤት ይገባ ነበር፤ እኔም ቤቴ እገባ ነበር።»

እጇን ለፖሊሱ ዘረጋችና ቀድማው ወጣች። አናጢው ከወንበሩ ሊነሣ ሞክሮ አቃተው፤ መርማሪዋ ክንዱን ይዛ አስነሣችው፤ እሱም ቃሉን ሊሰጥ ተከትሏት ሄደ።