ከመርፌው የባሰ

«አፍሽን ትንሽ ክፈቺልኝ» አለቻት ዶክተር ሳምራ ለሦስተኛ ጊዜ።

ሮዳስ ከንፈሯን ይበልጥ ገጠመች። ዶክተሯ መስታወቷን መልሳ አስቀመጠችና ጓንቷን አወለቀች።

«ባለፈው ሳምንት መርፌውን ስታዪ ተነስተሽ ወጣሽ። የሰጠሁሽ መድኃኒት እብጠቱን አሳርፎታል እንጂ አላዳነሽም። ጥርሱ መነቀል አለበት።»

ሮዳስ ይህን የመንጋጋ ጥርስ አባቷ እስኪነቃባት ድረስ በሌላኛው ጎን እያኘከች ደብቃው ነበር። ለእናቷ ነበር ያቆየችው። እናቷ መሰለች ዱባይ ሰው ቤት ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው፤ ለፋሲካ እመጣለሁ ብላ ነበር። ስትመጣ አብረን ሄደን እናስነቅለዋለን ብላ አስባ ነበር ሮዳስ። ትናንት ግን አባቷ ፍቅሩ ከሥራ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ «እናትሽ ለፋሲካ አልተሳካላትም፤ አሠሪዎቿ አልለቀቋትም» አላት።

«ችግር የለውም» አለች ሮዳስ። ሁለቱም ዓይናቸውን ቴሌቪዥኑ ላይ ተከሉ።

ዶክተር ሳምራ በርጩማዋን አስጠግታ ተቀመጠች። «ስሚኝማ። በማደንዘዣ መርፌ ብቻ መሥራት እንችላለን፤ ድድሽ ይደነዝዛል፣ አንቺ ግን ሁሉንም ታውቂያለሽ። በጣም ለሚፈራ ሰው ደግሞ በአፍንጫ የሚሳብ ጋዝ አለ። ጭንቀቱን ያበርደዋል፤ ጭምብሉ ሲነሳ ቶሎ ይለቅሻል። ወይም ቀደም ብሎ የሚዋጥ ኪኒን አለ፤ እሱ ግን እንቅልፍ እንቅልፍ እንዳለሽ ነው የምትውዪው። በሁሉም መርፌው አይቀርም፤ ግን ያን ያህል አያስጨንቅሽም።»

«ጋዙ ያስለፈልፋል አይደል?»

የክፍሏ ልጅ ዮዲ ቲክቶክ ላይ ያሳየቻት ልጅ ትዝ ብሏት ነው። ጥርሱን ተነቅሎ ሲወጣ እያለቀሰ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፍ ነበር። ዮዲ «ቀወጠው እኮ» እያለች በሳቅ ስትንፈራፈር፣ ሮዳስ አልሳቀችም።

«አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ ብዙው ዝም ይላል» አለች ዶክተሯ። «ምስጢር ጎትቶ አያወጣም። ግን ሰው ዘና ሲል አፉን እንደ ወትሮው አይጠብቅም።»

ሮዳስን ከመርፌው የባሰ ያስፈራት ይኸው ነበር። እናቷ የሄደችው አባቷ ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት በዋለበት ዓመት ነው። ዛሬ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞችን ሰርቪስ ይነዳል፤ ያን ዓመት ግን አንስቶት አያውቅም። እሷም «እማዬ ናፍቃኛለች» ብላው አታውቅም። ብትለው የወቀሰችው ይመስለዋል።

በሩ ገርበብ ብሏል። በክፍተቱ አባቷ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይታያታል። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ አንድ የድምፅ መልእክት ያዳምጣል። ሲያልቅ እንደገና ከፈተው። ቃላቱ ባይለዩም የእናቷ ድምፅ መሆኑን አወቀች። ነርሷ በአጠገቡ ስታልፍ ፈጥኖ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ለካ እሱም ይደብቃል።

«በጋዙ ይሁንልኝ» አለች።

«ጎበዝ። አባትሽ እዚያው ይጠብቁሽ?»

ሮዳስ በበሩ ክፍተት አንዴ አየችው። «አይ፣ ይግባ።»

ፍቅሩ ገብቶ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ቆመ። «የት ልሁን?» አለ።

«እዚህ፣ አጠገቤ።» ዓይኗን ከጣሪያው ላይ ሳትነቅል ቀጠለች። «አባዬ፣ ምናልባት ስለ እማዬ አወራ ይሆናል።»

ዶክተሯ ወደ ዕቃዎቿ ዞር አለች። ፍቅሩ ወንበር ሳበና ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«አውሪ» አላት። «አልሄድም።»

ሮዳስ ጭምብሉን ከዶክተሯ ተቀብላ ራሷ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።