የሸኮው ማርና የቆጡ አቧራ

ቆጡ ላይ ሦስት ባልዲ የሸኮ ጫካ ማር ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ማናልሞሽ ሸራውን ሲገልጡ ሁለት ብቻ አገኙ።

ሳጅን ውድነሽ እስክትደርስ ድረስ ሰፈሩ ሌባውን አውጥቶ ጨርሷል። ማክሰኞና ረቡዕ ቆጡ ላይ የዋለው አናጢው ሙሐመድኑር ብቻ ነው። ነቀዝ የበላው አሮጌ ጣሪያ አቧራ እያራገፈ ስላስቸገረ፣ ውስጡን በማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ሲያለብስ ነበር።

ሙሐመድኑር መዶሻውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«እኔ በሰው ቤት ገብቼ ነው የምበላው፤ ሌባ ከተባልኩ ከቱም እስከ ቴፒ በሩን የሚከፍትልኝ የለም» አላት። ዓይኑን ቀና ለማድረግ አፍሯል።

የቤቱ አባወራ አቶ ባስልኤል ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ውድነሽንም ሒሳብ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ስኳር ስላለባቸው ማር እንዳይቀምሱ ሐኪም ከልክሏቸዋል።

«ጦጣ ይሆናል» አሉ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ።

«ባልዲውን ከነክዳኑ፣ መምህር?»

«የዘንድሮ ጦጣ ምን የማያደርገው አለ?»

ወይዘሮ ማናልሞሽ ግን ባላቸውን ማመስገን አላቆሙም። «በሠላሳ ዓመት አንድ ሚስማር መትቶ አያውቅም። አቧራው ሲያስለኝ ሰምቶ አናጢ የጠራው እሱ ነው። አናጢው ሳይመጣ ማሩን በሸራ የሸፈነውም እሱ ነው፣ ሰኞ ዕለት።»

ውድነሽ መሰላሉን ወጣች። ኮርኒሱ ነጭና ውጥር ነው፤ አንዲት ብናኝ አይወርድም። በሸራ ተሸፍኖ በነበረው ጥግ የሁለቱ ባልዲ ክዳን በአቧራ ቡናማ ሆኗል። የሦስተኛው ክብ ምልክት አጠገባቸው አለ። ምልክቱን በጣቷ ዳበሰችው።

ጣቷ ቡናማ ሆነ።

ቆይታ ወረደች።

«መምህር፣ ሸራውን ሲያለብሱ ስንት ባልዲ ነበር?»

«ሦስት።»

«ቆጥረው?»

«ሒሳብ እኮ ነው ያስተማርኩሽ።»

«እንግዲያው ይቺን ያስሉልኝ። ሦስተኛው ባልዲ ሸራው ስር ከነበረ የተቀመጠበት ቦታ ንጹሕ መሆን አለበት። ቦታው ግን አቧራ ለብሷል። ሸራ ደግሞ አቧራ አያሳልፍም፤ ባልዲው የወጣው ሸራው ሳይለብስ በፊት ነው።»

አቶ ባስልኤል ወደ መሰላሉ አዩ፤ ቀጥሎ ወደ በሩ።

«ወይዘሮ፣ ሰሞኑን የመምህር ባርኔጣ ላይ ያዩት ነገር ነበር?»

«አቧራ ነዋ። በየቀኑ አራግፍለታለሁ። የመናኸሪያው መንገድ ነው ይለኛል።»

«በሐምሌ?»

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። በሐምሌ ሚዛን ተፈሪ መንገድ ላይ ያለው ጭቃ ብቻ ነው።

«በማንኪያ በማንኪያ ነው የጀመርኩት» አሉ አቶ ባስልኤል በመጨረሻ። «አንዱ ባልዲ አለቀ። ቆጡ ላይ ባርኔጣዬ ላይ የሚወርደው አቧራ እንዳያስይዘኝ ኮርኒሱን አሰብኩ። ባዶውን ባልዲ ግን ሸራውን ሳላለብስ፣ ባለፈው ሳምንት አወጣሁት።»

«እኔን ሌባ ልታስብሉኝ» አለ ሙሐመድኑር።

አቶ ባስልኤል አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ማናልሞሽ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ለሳሌ ብለህ መስሎኝ እኮ ለጎረቤት ሁሉ አውርቻለሁ።»

«ሳሉስ ቢሆን ቆሞልሽ የለ?»

እውነቱን ነው። ሁለት ቀን ሙሉ አላሳላቸውም። ይህም ይበልጥ አናደዳቸው።

ፍርዱን የሰጡት ወይዘሮ ማናልሞሽ ናቸው። ቅዳሜ አቶ ባስልኤል ከሙሐመድኑር ጋር ገበያ ወርደው፣ ሰው በበዛበት ሰዓት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ማሩን የበላሁት እኔ ነኝ፣ ይህ ሰው ንጹሕ ነው» አሉ። ሙሐመድኑር እዚያው ቆሞ የሦስት ቤት ኮርኒስ ሥራ አገኘ።

ወይዘሮ ማናልሞሽም አንዲት ሥራ ጨመሩለት።

«ከማሩ በላይ ያለውን ኮርኒስ አንድ ክንድ ያህል ቅደድልኝ።»

«አቧራው ይመለሳል እኮ፣ እማማ።»

«ይመለስ። ባርኔጣውን ማታ ማታ እኔ አራግፈዋለሁ።»